አቋራጩ የተዘጋበት ዓመት

መሰለች ብስክሌት መንዳት የተማረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ለጨዋታ ብላ አልነበረም። በሰሜን እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ከየሰፈሩ እየለቀመ የሚያደርስ ሚኒባስ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛ አቅራቢው ተቀየረና ሚኒባሱ ቀረ። የመጀመሪያው የከተማ አውቶቡስ ቀጠናው ሲደርስ ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ ከገባ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። መኪና ያለው በመኪናው መጣ፤ የሌለው ሥራውን ለቀቀ። መሰለች መኪናም መንጃ ፈቃድም የላትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇ ሊራን ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። ስለዚህ አንድ ክረምት ሙሉ በእግሯ ሄደች፤ ሲበቃት ያገለገለ ብስክሌት ገዛች።

ያስተማራት እንግዳ ነው። እንግዳ እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ጎንደር ገጠርም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሱዳንንም የተሻገሩት በአንድ ሰሞን ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ መልስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወስዶ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ ያስኬዳታል። ቀሚሷ ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስባ ታስረዋለች። የሰፈሩ ሴቶች ከፎቅ ሆነው ያዩዋትና ይስቃሉ። ሦስት ጊዜ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። በአራተኛው ሳምንት ሜዳውን ዞራ ተመለሰችና ከብስክሌቱ ሳትወርድ፣ “በል አያ እንግዳ፣ እሑድ ሥራ አብረን ነው የምንገባው” አለችው፤ እዚያ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው።

መንገዳቸው አቋራጩ ነበር። ከሰፈሩ ዳር ካለው የመጨረሻ ፎቅ ሥር ይጀምርና የስንዴውን ማሳ ጥግ ጥጉን ይዞ ከመጋዘኖቹ በስተኋላ ብቅ ይላል። ማንም አልሠራውም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ሥራ የተመላለሰ እግር ነው ያወጣው። በብስክሌት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። በመሐል ያለውን ቦይ የሚሻገሩበትን ሳንቃ ያነጠፈው እንግዳ ራሱ ነው። ክፉ የሚሆነው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። የዚያ ሸለቆ አፈር እንደ አገራቸው ዋልካ ጥቁር ነው፤ ሲርስ ከጎማው ላይ እየተለጠፈ አላስኬድ ይላል። ያን ጊዜ ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖቹ ከጎናቸው ሽው እያሉ ሲያልፉ ነፋሱ ብቻ ከመንገዱ ሊያወጣቸው ይደርሳል። የመንገዱ ጠርዝ የአንድ ክንድ ስፋት እንኳ የለውም።

ሊራን ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የያዘችው እናቷ በብስክሌት መሄድ በጀመረች በሰባተኛው ዓመት ነው። መሀል ከተማ፣ ከባንኮቹ በላይ ባለ ሁለተኛ ፎቅ አንድ ዓሙታ ነበር፤ ዓሙታ እነሱ አገር ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ማለት ነው። ሥራው በሸለቆው ከተሞችና መንደሮች ሰው ከመኪና ወርዶ በእግሩና በብስክሌቱ እንዲሄድ መቀስቀስ፣ የብስክሌት መንገድ እንዲሠራ ዒሪያውን፣ ማለትም የከተማውን አስተዳደር፣ መወትወት ነበር። ሊራንን ከሕዝቡ ጋር የምታገናኝ ብለው ቀጠሯት። መሰለች ልጇ ጠረጴዛና የስሟ ሰሌዳ ያለው ቢሮ ስለገባች ደስታዋን የምትይዝበት አጣች።

አንድ ቀን ሊራን ለእራት መጥታ፣ “እማ፣ ኦስናት ልታይሽ ትፈልጋለች” አለቻት።

“ኦስናት ማናት?”

“የኛ መናሄሌት፣ አለቃዬ። በብስክሌት ሥራ እንደምትሄጂ ነገርኳት፤ አላመነችኝም።”

ኦስናት አልቆየችም፤ በሳምንቱ ቤት ድረስ መጣች። ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ከሃምሳ ያለፈች፣ ስትስቅ ክንድ የምትይዝ ሴት ናት። መሰለች ስለ አቋራጩ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጭነት መኪኖቹ ስታወራላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። “እኛ አሥር ዓመት ሙሉ ሰውን በብስክሌት ሂዱ እያልን እንለምናለን፤ አንቺና ጓደኞችሽ ግን ማንም ሳይነግራችሁ እየሄዳችሁ ነው” አለች። ከዚያም ለአንድ ትልቅ ገንዘብ ሰጪ ፈንድ ማመልከቻ እንደሚያስገቡ፣ መንገዱ ከተፈቀደ አቋራጩ አስፋልት ለብሶ መብራት እንደሚተከልለት ነገረቻት። ለዚህ ግን ሰፈሩ መፈለጉን በፊርማ ማሳየት አለበት።

መሰለች ያን ወረቀት ይዛ ሰፈሩን ዞረች። ቀላል አልነበረም። ሰው በፊርማ ተሰላችቷል። አባ ጀምበሩ፣ ሰማንያ ያለፋቸው አዛውንት፣ ወረቀቱን ገልበጥ ገለበጥ አድርገው አዩት።

“ስንቱን ፈረምን ልጄ። ዘመዶቻችን ከአገር ቤት ይምጡ ብለን ፈረምን፣ ለትምህርት ቤቱ ፈረምን፣ ለጤና ጣቢያውም ፈረምን። ያ ሁሉ ወረቀት የት ሄደ?”

“ይሄኛው ሌላ ነው አባ። ልጄ ናት የያዘችው።”

“እኔ የማውቀው በአማርኛ መፈረም ነው። ይቀበሉታል?”

“ይቀበሉታል” አለች፤ እውነቱን ግን አታውቅም ነበር።

አባ ጀምበሩ ስማቸውን ከነአባታቸው በፊደል ጻፉ። የእንግዳ ሚስት ኤስቴር ደግሞ ሁለት ጊዜ መልሳት በሦስተኛው ነው የፈረመችው። “ለወረቀቱ ብዬ አይደለም፤ አንቺ ስላልሽኝ ነው” አለቻት። መሰለችም፣ “በእኔ ይሁንብሽ” አለች። ይህንኑ ቃል በየቤቱ ተናገረችው። በስድስት ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ አራት ፊርማ ሰብስባ ለሊራን አስረከበች።

ከዚያ ሄን የሚባል መሐንዲስ መጣ። መሰለች ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አንድ ቀን ሙሉ መንገዱን አስጎበኘችው። ውኃ የሚተኛበትን፣ ሳንቃው ያለበትን፣ በበጋ አቧራው ዓይን የሚጋርድበትን አንድ በአንድ አሳየችው። ሄን በሦስት እግር ላይ በቆመ መሣሪያ እየለካ፣ ፎቶ እያነሳ፣ “በቀን ስንት ሰው ያልፍበታል?” እያለ ጠየቃት። የሠራተኛውን ስም በጣቷ እየቆጠረች ነገረችው፤ ሁሉንም ጻፈ። የዓሙታው ሰዎችም ብስክሌቷን ይዛ ፎቶ አነሷት። ፎቶዋ ሰው በሚያህል ወረቀት ታትሞ ዒሪያው በርና ባቡር ጣቢያው ላይ ተለጠፈ። የሚያውቃት ሁሉ በመንገድ እያስቆመ፣ “አንቺ ሴት፣ ትልቅ ሰው ሆንሽ እኮ” ይላታል። በልጅነቷ ብዙ ጊዜ ፎቶ አንስተዋታል፤ ከሱዳን ካመጣቸው አውሮፕላን ስትወርድ፣ ጫማ ሲታደላቸው። ደስ ብሏት የቆመችበት ፎቶ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ፈንዱ ማመልከቻውን ፈቀደ። ከሱኮት፣ በመጸው ከሚውለው የዳስ በዓል፣ በኋላ ቁፋሮ ተጀመረ፤ የተጀመረው ግን በባቡር ጣቢያው በኩል ነው። መሰለች ይህን አይታ ሊራንን ጠየቀቻት።

“እማ፣ ይሄ ሽላቭ አሌፍ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ማለት ነው” አለች ሊራን፣ ስልኳን እያየች።

“የኛስ?”

“በሁለተኛው ይመጣል። ታጋሽ ሁኚ።”

መሰለች ታገሠች። የጠየቃትን ሁሉ “ከጣቢያው ጀምረው ወደኛ እየመጡ ነው” እያለች አረጋጋች።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ዓርብ ጠዋት የምርቃቱ ቀን ሆነ። መሰለች፣ እንግዳና ሌሎች አምስት ሠራተኞች ብስክሌታቸውን ወልውለው ወደ ባቡር ጣቢያው ሄዱ። ከኃይፋው ባቡር የወረዱ ወታደሮች ቦርሳቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ያያሉ። ፊኛ ተሰቅሏል፤ ሙዚቃ አለ። ከሰውነታቸው የተጣበቀ ልብስ የለበሱ ሰዎች በመኪና መጥተው ከመኪናው ኋላ የታሰረውን ብስክሌታቸውን እያወረዱ ነው። አዲሱ መንገድ ለስልሶ፣ በመሐሉ ነጭ መስመር ተሰምሮበት፣ ከጣቢያው ተነስቶ በባሕር ዛፎቹ ውስጥ ወደ ኮረብታው ይሄዳል። ጫፉ ላይ ወንበርና የውኃ ቧንቧ እንዳለው ሰማች።

ከመግቢያው ጎን በእንጨት ክፈፍ የተሠራ ትልቅ ካርታ ቆሟል። መሰለች የዕብራይስጥ ንባቧ ዘገምተኛ ነው፤ ካርታ ማየት ግን ከሄን ጋር በዋለችበት ቀን ለምዳለች። ጣቢያውን አገኘችው። አረንጓዴውን መስመር በጣቷ እየተከተለች ኮረብታው ድረስ ሄደች፤ ተመለሰች። ሊራን የዓሙታውን ሸሚዝ ለብሳ መጥታ ከጎኗ ቆማለች።

“የኛ ሰፈር የቱ ጋ ነው?” አለች መሰለች።

ሊራን ፊቷን ወደ ሙዚቃው አዞረች።

“ፋብሪካውስ? አሳይኝ እንጂ።”

ሊራን እጇን ዘረጋች። ጣቷ ከካርታው ወጥቶ የእንጨቱ ክፈፍ ላይ አረፈ። “እዚህ አካባቢ ነው” አለች በቀስታ።

“ሁለተኛ ክፍል አለ ወይስ የለም?”

“እቅድ አለ። ገንዘቡ ግን ለዚህኛው ገብቷል።”

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ከሱኮት በፊት።”

መሰለች በልቧ ቆጠረች። ከሱኮት እስከ ፋሲካ ስድስት ወር ነው። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ስንት ዓርብ ልጇ መጥታ እራት በልታ ሄዳለች።

“ልነግርሽ ፈልጌ ነበር” አለች ሊራን። “ኦስናት ምርቃቱ ይለፍ አለች። ሥራዬ ነው እማ። ምን ላድርግ?”

በዚህ መሐል ኦስናት በድምፅ ማጉያው የመሰለችን ስም ጠራች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፎቶ አንሺዎቹ ዞሩ። እንግዳና ሌሎቹ ነገሩ ገና አልገባቸውም፤ እነሱም እየሳቁ ያጨበጭባሉ። መሰለች የልጇን ፊት አየች። ሊራን ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን አላነሳችም። ልጅቱ እንዲህ ሆና ያየቻት የአባቷ ቀብር ላይ ብቻ ነው። መሰለች ሄደች፤ መቀሱን ተቀበለች፤ ሪባኑን ቆረጠች። ኦስናት አቀፈቻት። ያ ፎቶ በማግስቱ በየስልኩ ላይ ዞረ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ አቋራጩ አፉ ላይ ሰው የሚያህሉ ድንጋዮች ተከምረውበት አገኙት። ከድንጋዮቹ ወዲያ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል፤ የእንግዳ ሳንቃም ተነሥታለች። ብስክሌታቸውን ተሸክመው ለመሻገር ሞከሩ፤ አልሆነም።

ምክንያቱን ሊራን አጣርታ ነገረቻት። መሬቱን የሚያርሱት ሰዎች በየቀኑ ይህን ያህል ሰው በማሳቸው ማለፉን አያውቁም ነበር። ያወቁት ሄን የለካው ካርታ ለድርድር ሲቀርብላቸው ነው። ፎቶው፣ የሰዉ ቁጥር፣ ስንት ዓመት እንደተሄደበት ሁሉ ተጽፏል። ጠበቃቸው ነገሩ ወደፊት የሕዝብ መንገድ ነው እንዳይባል ዝጉት አላቸው፤ ስንዴው እስኪታጨድ ጠብቀው ዘጉት።

“እኔ ነኝ ያሳየሁት” አለች መሰለች።

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ እማ።”

“እኔ ነኝ። ሳንቃዋን ሳይቀር አሳይቼዋለሁ።”

ከዚያ ወዲያ በበጋም በክረምትም ያለው አስፋልቱ ብቻ ሆነ። ከሰባቱ ሦስቱ ብስክሌታቸውን ተዉ። በሰኔ መጀመሪያ እንግዳ ከፊት፣ መሰለች ከኋላ ሆነው ሲሄዱ አንድ የጭነት መኪና አለፋት። ነፋሱን ለመቋቋም እጀታውን ጨብጣ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል እንግዳ የለም። የመኪናው ስፖኪዮ ትከሻውን መትቶት ከመንገዱ በታች ወድቋል። መኪናው ወደ ፊት ሄዶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ “አላየሁትም፣ አላየሁትም” ይላል። እንግዳ ዓይኑ ተከፍቷል፤ እግሩ ግን መዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። “ብስክሌቴን ከመንገድ አንሺው” አላት። 

አልሞተም። ትከሻውና ዳሌው ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሦስት ወር ተኛ። ሲነሣ በምርኩዝ ነው። ከእንግዲህ ሸክም እንደማይነካ ሐኪሞቹ ጻፉለት፤ ፋብሪካውም ሌላ ቦታ የለንም አለ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

መሰለች ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀው ስትሄድ ኤስቴር በሩን ከፈተችላት፤ ግቢ ግን አላለቻትም። ሆስፒታል ሳለ እንዲህ አልነበረችም፤ ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ቤቷ ተቀምጣ ያሰበችው ነገር አለ።

“መሰለች፣ ፊርማዬን መልሽልኝ” አለቻት።

“ምን አልሽ?”

“ፊርማዬን። ለወረቀቱ ሳይሆን ላንቺ ነው የሰጠሁሽ። ላንቺ ከሆነ ደግሞ ማምጣት ትችያለሽ። አምጭልኝ።”

በማግስቱ መሰለች ከሥራ ቀረች። ወደ ዓሙታው ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ ኦስናት ፊት ተቀመጠች። ኦስናት ስለ እንግዳ ሰምታለች፤ አለቀሰች፤ እንባዋም የውሸት አልነበረም። ባለ ማሳዎቹ እምቢ እንዳሉ፣ የፈንዱ ገንዘብ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሥራ ላይ ካልዋለ ይሰረዝ እንደነበር፣ በጣቢያው በኩል ያለው መሬት ግን የከተማው ስለሆነ ማንም እንደማይከለክላቸው አስረዳች። “ምንም ሳይሠራ ከሚቀር አንድ ነገር ቢሠራ ይሻላል ብለን ነው” አለች።

“ይሻላል። ታዲያ ለምን በኛ ስም ሆነ?”

ኦስናት ተነሥታ ከጥግ አንድ ካርቶን አመጣች። ውስጡ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያና የብስክሌት መብራት ነው። “ለሠራተኞቹ አከፋፍያቸው” አለች።

መሰለች ካርቶኑን አልነካችውም። “ፊርማዎቹን ስጪኝ። ፎቶዬንም ከየግድግዳው አውርዱልኝ።”

“ፎቶው ዛሬውኑ ይወርዳል። ወረቀቶቹ ግን የዓሙታው ሰነድ ናቸው መሰለች። ፈንዱ ሊያጣራ ቢመጣ እንጠየቃለን።”

ሊራን እስከዚያ ድረስ ከጠረጴዛዋ ሆና ኮምፒዩተሩን እያየች ነበር። ተነሣች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሰማያዊ ማኅደር አወጣችና ከእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ኦስናት “ሊራን” አለቻት። ሊራን ተመልሳ ተቀመጠች።

በዚያ ምሽት መሰለች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግታ በመቀስ መቁረጥ ጀመረች። አንዱ ወረቀት ሰባት ስም ይዟል፤ እያንዳንዱን ስም ለብቻው ቆረጠች። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ሰፈሩን እንደገና ዞረች። ሊራን ያደረሰችበትን መኪና አቁማ ከታች ትጠብቃታለች። የመጀመሪያው ቀን አብራት ልትወጣ መኪናውን ቆልፋ ተከትላት ነበር።

“አንቺ እዚሁ ቁይ” አለቻት መሰለች። “ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

አንዳንዱ መፈረሙንም ረስቶታል፤ ቁራጩን ተቀብሎ ደረጃው ላይ ጣለው። አንዳንዱ ሳቀባት፤ “ይሄን ለመስጠት ነው ሦስት ፎቅ የወጣሽው?” አላት። አባ ጀምበሩ መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ጽሕፈት አነበቡ።

“አማርኛውን ተቀበሉት?”

“ተቀብለውታል አባ። ከቁጥር ገብቷል።”

“መንገዱስ?”

“መንገዱ ሌላ ቦታ ተሠራ።”

አዛውንቱ ቁራጩን አጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

ኤስቴር ቤት የሄደችው በመጨረሻ ነው። ኤስቴር ቁራጩን ተቀብላ አየችው፤ ስሟ መሆኑን አረጋገጠች። ከውስጥ የእንግዳ ድምፅ፣ “ማነው?” አለ።

“ማንም አይደለም” አለች ኤስቴር፤ በሩንም ዘጋችው።

መሰለች ደረጃውን ስትወርድ የምርኩዙን ድምፅ ከበሩ ወዲያ ሰማች። ቆም ብላ ጠበቀች። በሩ ግን አልተከፈተም።

ሊራን ሥራዋን አልለቀቀችም። ማኅደሩን ስላወጣች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት፤ ከዚያ ነገሩ ተረሳ። አሁን የሁለተኛውን ክፍል ማመልከቻ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ይሳካል ብላ ታምናለች፤ ማመኗን እናቷም አትጠራጠርም። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዘመዶች ሠርግ ያወራሉ። ስለ መንገዱ ግን ሁለቱም አያነሡም።

መሰለች አውቶቡስ ያለው ለከሰዓት በኋላው ፈረቃ ስለሆነ ወደዚያ ተዛወረች። በዚያ ፈረቃ አማርኛ የሚናገር ሰው የለም፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ክዳን እየለቀመች ከማንም ሳታወራ ትውላለች። አውቶቡሱ መሀል ከተማውን ዞሮ በባቡር ጣቢያው በኩል ያልፋል። ሰዎች ከመኪናቸው ብስክሌት እያወረዱ፣ ጎማ እየነፉ፣ እየተሳሳቁ ታያቸዋለች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እሷ ግን እዚያ ሲደርስ ቦርሳዋን ከፍታ የማትፈልገውን ነገር ትፈልጋለች፤ አውቶቡሱ ታጥፎ ወደ ቀጠናው መንገድ እስኪገባ ድረስ ቀና አትልም።